ያገለገለችንን ድመት ስለ መሸኘት

በሰው ኑሮ ውስጥ ከሚነሡት የግብረ ገብ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ በአደባባይ ቆመው የሚጠይቁን ናቸው፤ ስለ ፍትሕ፥ ስለ ነጻነት፥ ስለ አገር የሚነሡት ሁሉ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ሌሎቹ ግን በጓዳ በር ገብተው ከምድጃው አጠገብ የሚቀመጡ ናቸውና ጥያቄ መሆናቸውን እንኳ ሳናውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ከነዚህ ከኋለኞቹ አንዱን ነው። ይኸውም፥ ለጥቅማችን ስናራባት የኖርናትን እንስሳ መውለድ ባቆመችና በታመመች ጊዜ ለሌላ ሰው ብንሰጣት ዕዳችንን ከፈልን ማለት ነው ወይስ ዕዳችንን ለሌላ አሸከምን ማለት ነው? የሚል ነው።

እንስሳዪቱም ድመት ናት። ይህን ሲያነቡ ፈገግ የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በሚቀመጡበት አገር ስለ ድመት ጡረታ መጻፍ ከጥጋብ የመጣ አሳብ ይመስላል። ይህን ተቃውሞ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤዋለሁ። ነገር ግን ድመቷን ሜዳ ላይ ብጥላት ሽማግሌው አይጠግብም። ከዚህም በላይ የሽማግሌው ችግር የሁላችን ዕዳ ሲሆን የድመቷ ግን የእኔ የአንዱ ነው፤ ከእርሷ የተገኘውን ገንዘብ የተቀበልሁት እኔ ነኝና።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ስለ ድመት ርቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አገር ልማድ ድመት አይጥ እንድትይዝ ትያዛለች እንጂ ዘሯ ተቈጥሮ አትሸጥም ነበር፤ ግልገል የፈለገ ሰው ከጎረቤቱ በነጻ ይወስዳል። መልክን መርጦ ማዳቀልና ዘርን በመዝገብ ጽፎ መሸጥ ከፍ ያለ ሥራ የሆነው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1871 (እ.ኤ.አ.) ሀሪሰን ዊር የተባለ ሠዓሊ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው የለንደን አዳራሽ ታላቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ። አሳቡ የተናቀችው የቤት ድመት በሰው ዘንድ እንድትከበር ነበር። ዘግይቶ ግን ራሱ ይመራው ከነበረው የድመት ወዳጆች ማኅበር ወጣ፤ አባሎቹ ከድመቶቹ ደኅንነት ይልቅ ሽልማቱን ያስቀድማሉ ብሎ አዝኖባቸው ነበር። ነገሩን የጀመረው ሰው በነገሩ ፍሬ ያዘነ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣን ሰዎች ቆም ብለን ማሰብ ይገባን ነበር።

እንግሊዞች ለርቢ የተያዘችውን እንስት ድመት «ንግሥት» ይሏታል። ንግሥቲቱ ከሁለት ወር ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግልገል ትወልዳለች። ጠንቃቃ አርቢዎች በወሊድና በወሊድ መካከል ያሳርፏታል፤ ዕድሜዋም ወደ አምስት ወይም ወደ ስድስት ዓመት ሲደርስ ማኅፀኗን አስወጥተው ከርቢ ያወጧታል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በቤታቸው አያኖሯትም፤ ለሌላ ሰው ይሰጧታል። ይህን ገና ከመስማት ጭካኔ ነው ማለት ስሕተት ነው። ድመት እንደ በግ በመንጋ መኖርን የምትወድ እንስሳ አይደለችም። ወጣት ንግሥቶችና አውራ ድመቶች በሞሉበት ቤት አሮጊቲቱ ከምግቡ ትገፋለች፤ ከመኝታዋ ትነሣለች፤ ከቁም ሣጥን ሥር ተደብቃ ትውላለች። (ዙፋን የለቀቁ ነገሥታትም ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።) ጸጥ ያለ ቤትና አንድ የሚወዳት ሰው ብታገኝ የተሻለ ኑሮ ትኖራለች። ስለዚህ መስጠት በራሱ ክፉ አይደለም። ጥያቄው የሚነሣው ከምትሰጠው እንስሳ ጋር አብሮ ስለሚሄደው ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልመለስ። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያላት የፋርስ ድመት ከነዘር ወረቀቷ ሸጠልኝ። ፊቷ ጠፍጣፋ፥ ጠጕሯ ረጅምና ነጭ ስለ ነበረ ልጄ «ሻሼ» አለቻት። አውራ ድመት ያለው አንድ ሰው በከተማችን ስለ ተገኘ ሻሼ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ወለደች፤ አሥራ አምስት ግልገሎች አድገው ተሸጡ። ደመወዜን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ገባ ለመገመት አይቸገርም። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የክረምት ልብስ፥ አንድ ጊዜም የቤት ኪራይ ከእርሷ ተከፍሏል። እኔ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከማገኘው ጐን ለጐን፥ እርሷ በዕቃ ቤታችን ጥግ በተነጠፈላት ጆንያ ላይ ተኝታ ቤቴን ስትደጕም ኖረች ማለት ነው።

ስድስት ዓመት ሲሞላት ርቢውን አቆምን። በሰባተኛው ዓመት ውኃ አብዝታ መጠጣት፥ ሽንት አብዝታ መሽናትና መክሳት ጀመረች። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ ከመረመረ በኋላ በሁለቱም ኩላሊቶቿ ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ብዙ ከረጢቶች እንዳሉ አሳየኝ። በሽታው ከወላጅ የሚወረስ ነው። ከረጢቶቹ ከልደት ጀምሮ አሉ፤ ቀስ በቀስ እያደጉ ደኅናውን የኩላሊት ክፍል ያጣብቡታል፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ድመቲቱ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፥ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። መድኃኒት አያድነውም፤ በምግብና በእንክብካቤ ግን ጊዜ ይገዛል። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ቢኖርበት፥ ከሚወለዱት ግልገሎች በአማካይ ግማሾቹ ይወርሱታል። በአውሮጳና በአሜሪካ በተደረጉ ምርመራዎች ከፋርስ ድመቶች ከሦስት አንድ የሚበልጡት በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። በሽታውን የሚያመጣው የዘር ለውጥ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በሚገኙ ተመራማሪዎች ተለይቶ ስለ ታወቀ፥ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አርቢ ከማራባቱ በፊት በአንድ ምርመራ ሊያውቀው ይችላል። እኔ አላስመረመርሁም። አላወቅሁም ነበር ብል እውነት ነው፤ ለማወቅ አልሞከርሁም ብል ግን የበለጠ እውነት ይሆናል።

ከሐኪሙ ዘንድ ስመለስ የዘር ወረቀቷን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። የእናቷ፥ የአያቷና የቅድመ አያቷ ስም በቅደም ተከተል ተጽፏል። ይህ ወረቀት የግልገሎቹን ዋጋ ከፍ ያደረገልኝ ነው፤ ገዢዎቼ ሁሉ እያዩ ይደነቁ ነበር። የበሽታውም መንገድ ያው ወረቀት ነው፤ ኩላሊቷን የጐዳው ነገር የመጣው ያንኑ የስም መሰላል ወርዶ ነው። ሻሼ በመንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ቢሆን ኖሮ አደጋ ነው እል ነበር። ዋጋዋና ሕመሟ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ዋጋውን ለራሱ አስቀርቶ ሕመሙን ብቻ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ሰው ምን ይባላል?

አርቢዎች ከርቢ ያወጧትን ድመት ጡረታ ወጣች ይላሉ። ቃሉን በአማርኛ ስናገረው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በብዙ የውጭ ቋንቋዎች ይህ ቃል ከሥራ ገለል ማለትን ብቻ ያመለክታል፤ የእኛው ጡረታ ግን «ጦረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ መጦር ደግሞ ያረጀን ሰው መመገብና ማልበስ ነው። ልጅ እናቱን ይጦራል፤ ልጅ የሌለው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ብሎ ያለቅሳል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ የተመረጠው ይህ ቃል ነው፤ ያገለገለ ሰው ወንበሩን ቢለቅም የሚጦረው እንዳለ በስሙ ይናገራል። እንግዲህ ጧሪ የሌለበት ጡረታ በአማርኛ ትርጕም የለውም። ሻሼ ጡረታ ወጣች የምል እንደ ሆነ የሚጦራት ማን እንደ ሆነ አብሬ መናገር አለብኝ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፥ የቤት አስተዳዳሪ ያረጁትን በሬዎች፥ ያረጀውንና የታመመውንም ባሪያ እንዲሸጥ ይመክራል። ካቶ በቁጠባውና በቀጥተኛነቱ የተመሰገነ ሰው ነበር፤ በሒሳብ በኩል ስሕተት አይገኝበትም። የካቶን ታሪክ የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ ግን በዚህ ነገር ታገሠው ለማለት አይቻልም፤ እርሱ ራሱ ያረሰለትን በሬ በእርጅናው ምክንያት እንደማይሸጥ ይናገራል። ምሳሌም ያመጣል። የአቴና ሰዎች ታላቁን ቤተ መቅደስ በሠሩ ጊዜ ብዙ የደከሙትን በቅሎዎች ከሥራ ፈትተው በነጻ እንዲሰማሩ ለቀቋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግን ማንም ሳይጠራው እየተመለሰ፥ ጭነት ከሚስቡት ጋር ከጐናቸው እየሄደ ኮረብታውን ይወጣ ጀመር። ሕዝቡም ይህ በቅሎ እስኪሞት ድረስ በመንግሥት ወጪ እንዲቀለብ ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚማርከኝ የበቅሎው ትጋት አይደለም። የአቴና ሰዎች በቅሎውን «የሚወድህ ሰው ፈልግ» ብለው አላሰናበቱትም፤ ድንጋዩ የተጋዘላቸው እነርሱ ስለ ሆኑ ገፈራውንም የሰጡት እነርሱ ናቸው።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት (1724–1804 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር፥ ሰው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለበትም፤ ይሁን እንጂ በታማኝነት ያገለገለውን ውሻ ባረጀ ጊዜ እስኪሞት ሊጠብቀው ይገባል፤ በእንስሳ ላይ የጨከነ በሰውም ላይ መጨከንን ይለምዳልና፥ ይል ነበር። መደምደሚያውን እቀበላለሁ፤ ምክንያቱ ግን አያረካኝም። እንዲህ ከሆነ ውሻው የሰው ልብ ማለማመጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልቡ የማይደነድን፥ ሰውም የማያየው አንድ ሰው ቢኖር ውሻውን መንገድ ላይ ቢጥለው ማንንም አልበደለም ልንል ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት «ድመት ውለታ አታውቅም፤ ማን እንደ ሰጣትና ማን እንደ ነፈጋት አትለይም» ይሉኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውለታ የሚባለው በፈቃድ የተደረገ በጎ ነገር ነው። ሻሼ ውለታ አልዋለችልኝም፤ አውራውን የመረጥሁት፥ ጊዜውን የወሰንሁት፥ ግልገሎቹን ከጡቷ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በእኔና በእርሷ መካከል ያለው ከውለታ ይልቅ ወደ አደራ ይቀርባል። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ባያስታውሰው፥ መጠየቂያ አፍም ባይኖረው አይቀርም፤ የሕፃን ገንዘብ የያዘ ሞግዚት ሕፃኑ መቍጠር ስለማይችል ከሒሳቡ ነጻ ነኝ አይልም።

በዚህ ላይ አንድ የልጅነት ትዝታ አለኝ። በገጠር ሳለሁ አያቴ አንዲት አህያ ነበረቻቸው። ከቤት ወደ ወፍጮ፥ ከቤት ወደ ገበያ ስትመላለስ ኖራ በመጨረሻ ጀርባዋ ገጠበ፤ እግሯም አነከሰ። አንድ ምሽት ከብቱ ሲገባ እርሷን አጣኋት። የት ሄደች ብዬ ብጠይቅ «ለቀቅናት» አሉኝ። ቃሉ ደስ አሰኘኝ፤ ለምለም ሣር ባለበት መስክ ላይ የምትፈነጭ መሰለኝ። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ጅብ የተወውን አየሁ። አያቴን ለመውቀስ አይደለም፤ ሣሩ ለበሬዎቹም አልበቃም ነበር፤ የእንስሳት ሐኪምም በዚያ አገር አልነበረም። ያን ዕለት ያስከፋኝ ከሥራው ይበልጥ ቃሉ ነበር። «ለጅብ ሰጠናት» ቢሉኝ አለቅስ ነበር እንጂ አልታለልም ነበር። ዛሬ «ጥሩ ቤት አገኘንላት» የሚለውን ስሰማ ያ «ለቀቅናት» በጆሮዬ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ጥሩው ቤት በእርግጥ ጥሩ ቤት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሰጪው ጀርባውን ካዞረ በኋላ ያለውን ላለማየት የሚጠቀምበት መጋረጃ ነው።

ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት የሆነውን ልናገር። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ የሻሼ ልዩ ምግብና የሐኪም ወጪ ከበደን፤ ቤቱም ጠበበ። በሠፈራችን የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ልጆቻቸው ውጭ አገር ስለ ሆኑ ብቸኝነት ያስቸግራቸዋል፤ ሻሼንም ከግልገልነት ልጆቿ ጋር አይተው ይወዷት ነበር። እንድንሰጣቸው ጠየቁ። «ልጄ፥ ደኅና ናት?» ሲሉኝ «ደኅና ናት እትዬ፤ ውኃ ትወዳለች እንጂ ምንም የለባትም» አልኋቸው።

ውሸቱ ሙሉ ውሸት እንዳይሆን እውነት ጨመርሁበት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአሳቤ ይመላለስ የነበረው የድመቷ ሥቃይ ብቻ አልነበረም። እትዬ በወር የሚያገኟት የጡረታ ገንዘብ የታወቀች ናት። እኔ ያልጦርኋትን ድመት እርሳቸው ሠላሳ ዓመት አስተምረው ባገኙት ጡረታ ሊጦሯት ነው። ደግሞም እውነቱን ደብቆ የተሰጠ የታመመ እንስሳ በአንድ ቤት አይረጋም፤ ተቀባዩ ሲደርስበት ለሌላ ይሰጣል፤ ያም ለሌላ፤ በመጨረሻ ከደጅ ይወድቃል። ባለቤቴ «አንገሩም ብለህ ብታስቀራት እኮ በሐኪም መርፌ ማሳረፍም አለ» አለችኝ። አለ፤ ሥቃይ የበዛበትን እንስሳ በዚያ መንገድ ማሳረፍ ምሕረት መሆኑን እቀበላለሁ። ሻሼ ግን ገና ትበላለች፤ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ስትዳሰስ ታንጐራጕራለች። ከእርሷ ሥቃይ ይልቅ የሚያርፈው የእኔ ኪስ ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የኩላሊቱን፥ የውርሱን፥ ትናንት ያልሁትንም። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እኔን ልታታልለኝ ነበር?» አሉኝ። አዎን አልሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈተና አከታትለው ጠየቁኝ፤ ምን ትበላለች? ስንት ያስወጣል? ስንት ዓመት ትኖራለች? ማን ይከፍላል? ምግቧንና የሐኪሟን ወጪ እኔ እንደምከፍል፥ በማናቸውም ቀን ቢደክማቸው ወደ ቤቴ እንደምትመለስ ነገርኋቸው። «ጻፈው» አሉ። እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀን ጽፌ፥ ፈርሜ ሰጠኋቸው፤ «ሐኪም» የሚለውን በ«ሀ» ጽፌው ኖሮ በቀይ እርሳስ አረሙልኝ። ሻሼን በቅርጫት የወሰድሁላቸው በሳምንቱ ነው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። እትዬ «ልጆቿስ?» ብለው ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ። አሥራ አምስቱን የገዙት ሰዎች ግልገሎቻቸው በሽታውን ወርሰው እንደ ሆነ እንዲያስመረምሩ፥ ሳያስመረምሩም እንዳያራቡ መንገር ነበረብኝ። ዘጠኙን በስልክ አገኘሁ። አንዳንዶቹ አመሰገኑኝ፤ አንዱ ገንዘቡን እንድመልስለት ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተገቢ ስለ ሆነ በየወሩ እየከፈልሁት ነው። አንዲቱ ግን ራሷ ሁለት ጊዜ ወልዳ ግልገሎቿ እንደ ተሸጡ ሰማሁ። የገዛት ሰው በሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የማውቀው ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አይቀበልም።

በየወሩ መጨረሻ ምግቧን ይዤ እትዬ ዘንድ እሄዳለሁ። ሻሼ ድምፄን ስትሰማ የሐኪሙ ቅርጫት የመጣ መስሏት ከአልጋው ሥር ትገባለች፤ እስክወጣም አትታይም። እትዬ ቡና ያፈላሉ። ስኒውን ሲያቀብሉኝ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ስድስቱስ ተገኙ?» ብለው ነው። ባለፈው ወር አምስት መቅረታቸውን ነገርኋቸው።